ፊቱ የገንዘብ ከረጢት የሆነው ሰው፦ ቶማስ ናስት የኒውዮርክን ሙሰኞች እንዴት ሣላቸው?

ጤና ይስጥልኝ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርዕሳችን አሜሪካዊው ካርቱኒስት ቶማስ ናስት በ1871 በኒውዮርክ ከተማ ሹማምንት ላይ የሣላቸው ካርቱኖች ናቸው። ዓመታቱን፣ ወራቱንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስለነዚህ ሥዕሎች ሲወራ አንድ ሠዓሊ በእርሳሱ ብቻ አንድ ሙሰኛ ቡድን ገረሰሰ ይባላል። ይህን አልቀበልም። ሥዕሎቹ ጉልበት ያገኙት ከኋላቸው የሒሳብ ቁጥር ስለነበረ ነው፤ ቁጥሮቹም ሰሚ ያገኙት ሥዕል ስለወጣላቸው ነው። ስለዚህ ከሒሳቡ እንጀምር።

ማንሃተን ውስጥ፣ ቻምበርስ ጎዳና ላይ፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጀርባ ዛሬም የቆመ፣ ለፍርድ ቤትነት የተሠራ ሕንፃ አለ። መጀመሪያ የተፈቀደለት በጀት 250 ሺህ ዶላር ነበር፤ ግንባታው የተጀመረው በ1861 ነው። በመጨረሻ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ በላ። አሜሪካ በ1867 አላስካን በሙሉ ከሩሲያ የገዛችው በ7.2 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ይገባችኋል። ዝርዝሩ ደግሞ ከድምሩ ይብሳል። ለሦስት ጠረጴዛና ለ40 ወንበር 179,729 ዶላር ተመዝግቧል። አንድ አናጢ ለአንድ ወር ሥራ 360,751 ዶላር፣ አንድሪው ጋርቪ የተባለ የልስን ተቋራጭ ደግሞ ለሁለት ቀን ሥራ 133,187 ዶላር እንደተከፈላቸው መዝገቡ ያሳያል።

ገንዘቡ የሚወጣበት መንገድ ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም። አንድ ተቋራጭ የ35 ዶላር ሥራ ይሠራና የ100 ዶላር የክፍያ ጥያቄ እንዲያቀርብ ይነገረዋል። ሰነዱ ይፈረማል፣ ማዘዣው ይወጣል፣ ባንክ ይከፍላል። ከዚያ 65ቱ ዶላር ዞሮ ወደ ሹማምንቱ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ የሚወስዱት ድርሻ አነስተኛ ነበር፤ 65 በመቶ የደረሰው እያደር ነው። ዋናዎቹ ተካፋዮች አራት ናቸው፦ ከንቲባው ኦኪ ሆል፣ የሒሳብ ተቆጣጣሪው ሪቻርድ ኮኖሊ፣ የከተማው ገንዘብ ያዥ ፒተር ስዊኒ፣ ከሁሉም በላይ ዊልያም ትዊድ። ትዊድ የክፍለ ግዛቱ ሴናተርም፣ የከተማው የሕዝባዊ ሥራዎች ኃላፊም ነበር። እውነተኛው ሥልጣኑ ግን ታማኒ ሆል ከሚባለው የዴሞክራቲክ ፓርቲ የከተማ ድርጅት ይመነጭ ነበር፤ የዚያ ድርጅት አለቃ እሱ ነው። በ1870 ለከተማው አዲስ ቻርተር (መተዳደሪያ ሕግ) ሲያወጡ የክፍያ ጥያቄዎችን የሚመረምር ቦርድ አቋቋሙ። የቦርዱ አባላት ሦስት ሲሆኑ፣ እነሱም ከንቲባው፣ ኮኖሊና ትዊድ ናቸው። የሚሰርቀውና የሚመረምረው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ጋዜጦቹስ ምን አሉ? አብዛኞቹ ዝም አሉ፤ የከተማው አስተዳደር የማስታወቂያ ገንዘብ እየረጨ አፋቸውን ይዟቸው ነበር። በ1870 መገባደጃ ላይ፣ በጆን ጃኮብ አስተር ሣልሳዊ የሚመራ ስድስት ታላላቅ ነጋዴዎች ያሉበት ኮሚቴ መዝገቡን አይቶ ሒሳቡ በታማኝነት የተያዘ ነው ብሎ ፈረመ። ይህን ኮሚቴ ልብ በሉት። የመዝገብ ድምር ብቻ ያየ ሰው ምንም አያይም፤ መደመሩ ትክክል ነውና። ስርቆቱ ያለው እያንዳንዱ ክፍያ ለማን፣ ለምን፣ በስንት ቀን ሥራ ወጣ በሚለው ውስጥ ነው።

በጥር 1871 የካውንቲው ኦዲተር ጄምስ ዋትሰን በበረዶ ላይ ጋሪ አደጋ ሞተ። የቡድኑን ምስጢራዊ ሒሳብ የሚይዘው እሱ ነበር። ከእሱ ሞት በኋላ በተደረገው የቦታ ሽግሽግ ማቲው ኦሩርክ የተባለ ሰው ሒሳብ ያዥ ሆኖ ገባ፤ መዝገቡንም በእጁ ገለበጠ። ጄምስ ኦብራየን የሚባለው የቀድሞ ሸሪፍም ተመሳሳይ ቅጂ ነበረው። ኦብራየን የቡድኑ ሰው የነበረ ሲሆን፣ ከከተማው ይገባኛል ያለው ገንዘብ ሲከለከል ነው የዞረባቸው። ሌባ ሲሰርቅ ሳይጣላ ሲካፈል ይጣላል እንዲሉ። ሰነዱ ኒውዮርክ ታይምስ እጅ ገባ። ኮኖሊ ለጋዜጣው አሳታሚ ለጆርጅ ጆንስ ዝም እንዲል 5 ሚሊዮን ዶላር ቢያቀርብለትም ጆንስ እምቢ አለ። ከሐምሌ 1871 ጀምሮ ቁጥሮቹ ስም እየተጠራ፣ ቀንና መጠን እየተጠቀሰ በፊት ገጽ ይወጡ ጀመር። በወሩ መጨረሻም በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ የተዘጋጀ ልዩ እትም ወጣ።

እዚህ ላይ ነው የናስት ድርሻ የሚገባን። የሒሳብ ሰንጠረዥ ኃይለኛ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። በጊዜው ከኒውዮርክ ነዋሪ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከውጭ የመጣ ስደተኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል መራጭም ሞልቷል። ትዊድ ራሱ «ጋዜጣ የሚጽፈው ግድ የለኝም፤ መራጮቼ ማንበብ አይችሉም፤ እነዚያን የተረገሙ ሥዕሎች ግን ያያሉ» ማለቱ ይነገራል። ቃል በቃል እንዲህ ብሎ እንደሆነ ማረጋገጫ የለም፤ ሐሳቡ ግን የሁኔታውን እውነት ይናገራል።

ናስት በ1840 በጀርመን፣ ላንዳው ከተማ ተወለደ፤ በልጅነቱ በ1846 ኒውዮርክ ገባ። ገና በ15 ዓመቱ በሥዕላዊ ጋዜጣ ተቀጠረ። ከ1862 ጀምሮ ለሃርፐርስ ዊክሊ ሳምንታዊ መጽሔት ሠራ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የሰሜኑን ወገን ደግፎ በሣላቸው ሥዕሎች ስሙ ገንኖ ነበር፤ ስለዚህ በ1871 ብዕሩን ወደ ከተማው ሹማምንት ሲያዞር አንባቢው አስቀድሞ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ። ናስት ትዊድን ሲሥል በየሳምንቱ የማይቀይራቸው ምልክቶች አሉ። አንደኛው ሆዱ ነው። ትዊድ በእርግጥም ግዙፍ ሰው ነበር፤ ናስት ግን ሆዱን የገጹ መሃል አደረገው፤ ሌላው ሁሉ የሚዞረው በሆዱ ዙሪያ ነው። ሁለተኛው በሸሚዙ ደረት ላይ የሚያበራው አልማዝ ነው። እውነተኛው አልማዝ 10 ካራት ተኩል ያህል ነበር፤ በሥዕሉ ላይ የመብራት ያህል ያበራል። የሌሎቹም እንደዚሁ ነው፤ የስዊኒ ጥቁር ጎፈሬና ጢም፣ የከንቲባ ሆል ተንጠልጣይ መነጽር ሳይለወጡ ይመላለሳሉ። ይህ የሠዓሊው ስንፍና እንዳይመስላችሁ። አንባቢው መጽሔቱን የሚያገኘው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ሰውየውን በሁለት ሴኮንድ ካላወቀው ቀልዱም ክሱም ይጠፋል። ብዙ ጀማሪ ካርቱኒስቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በየሥዕሉ አዲስ መልክ ይፈጥራሉ፤ አንባቢው ማን እንደሆነ ሲፈልግ ጊዜው ያልቅበታል። ናስት አንድን ምልክት ደጋግሞ ካስለመደ በኋላ ሌላውን ሁሉ ሊያስወግደው ቻለ። በጥቅምት 21 እትም ላይ ትዊድን እጆቹን ኪሱ ከትቶ እንደቆመ ሣለውና ጭንቅላቱን በገንዘብ ከረጢት ተካው፤ የዶላሩ ምልክት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ሆኖ ይታያል። ሥዕሉ ፊት ባይኖረውም ማንነቱን የሚጠይቅ አልነበረም። ሆዱና አልማዙ በቂ ናቸው።

ከሁሉ የምወደው የነሐሴ 19ኙን ነው፤ ቀረብ ብለን እንየው። ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከፊት ትዊድ በሆዱ ቦታውን ሞልቶታል፣ አጠገቡ ስዊኒ፣ ኮኖሊና ሆል አሉ። ከኋላ ደግሞ ተቋራጮቹ ተደርድረዋል፤ ጋርቪም አለ፣ ወንበር አቅራቢው ኢንገርሶልም አለ፤ ማንነታቸው በልብሳቸው ላይ ተጽፏል። ከሥር ጥያቄው፦ «የሕዝቡን ገንዘብ የሰረቀው ማነው?» እያንዳንዱ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ቀስሮ «እሱ ነው» ይላል። የሥዕሉ ብልሃት ክቡ ላይ ነው። ሰዎቹ በሰልፍ ቢደረደሩ ኖሮ የመጨረሻው ሰው ጥፋተኛ ይሆን ነበር፤ ጣቱ የሚያርፍበት ሰው የለውምና። ክብ ሲሆን ግን ክሱ ማንም ላይ ሳይቆም ሁሉንም ይነካል። ከላይ የነገርኳችሁ የ65 በመቶ አሠራርም እንዲሁ ክብ ነው፦ ከከተማው ወደ ተቋራጩ፣ ከተቋራጩ ወደ ሹሙ። ናስት ስም ዝርዝሩን ከራሱ አልፈጠረውም፤ ታይምስ ካወጣው ሒሳብ የወሰደው ነው። የተቋራጮቹን ስም በጋዜጣ ያነበበ ሰው በሥዕሉ ላይ ሲያገኛቸው ሁለቱ ይገጣጠሙለታል።

ይህ ሥዕል በሺዎች በሚቆጠር ወረቀት ላይ እንዴት ተባዛ? ስለ ካርቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሲዘሉት አዝናለሁ፤ የመስመሩ ጠባይ በሙሉ የመጣው ከዚህ ነውና።

ሥዕሉ የሚታተመው ከእንጨት ነው። ቦክስውድ የሚባለው እጅግ ጠንካራና ቃጫው ደቃቅ እንጨት ከቱርክ አካባቢ ይመጣል። ግንዱ የሚቆረጠው አግድም ነው፤ በቁመቱ የተሰነጠቀ ጣውላ በቃጫው አቅጣጫ ይፈነጠራል፣ አግድም የተቆረጠው ግን በየትኛውም አቅጣጫ ጥርት ያለ መስመር ይቀበላል። ውፍረቱ ሊድ ከሚባለው ብረት ከተሠራው የማተሚያ ፊደል ቁመት ጋር እኩል፣ 23 ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ከፊደሉ ጎን ተቀምጦ አብሮ ይታተማልና። ችግሩ ዛፉ ቀጭን መሆኑ ነው። ሙሉ ገጽ የሚሸፍን አንድ ቁራጭ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ትናንሽ ቁራጮች ከጀርባቸው በብሎን ተጣብቀው አንድ ትልቅ ሰሌዳ ይሆናሉ።

የሰሌዳው ፊት በስሱ ነጭ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ከወፈረ በመቅረጫው ሥር እየተቀረፈ መስመሩን ይዞ ይሄዳል፤ ከሳሳ ደግሞ እርሳሱ አይይዝም። ናስት በዚህ ነጭ ላይ በቀጥታ በእርሳስ ይሥላል፣ ያውም በመስታወት እንደሚታይ ግራ ቀኙን ገልብጦ፤ ጽሑፉም የተገለበጠ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ብሎኑ ይፈታና ቁርጥራጮቹ ለተለያዩ ቀራጮች ይታደላሉ። ለአንድ ሰው የብዙ ቀን ሥራ የሆነው ለብዙዎች ሲከፋፈል በአጭር ጊዜ ያልቃል። ከመታደሉ በፊት ግን ዋናው ቀራጭ መጋጠሚያዎቹን የሚያቋርጡትን መስመሮች ራሱ ይቀርጻል፤ ይህ ካልተደረገ የአንዱ ሰው መስመር ከሌላው ጋር ሳይገጥም ይቀራል።

ቀራጩ ሰሌዳውን በአሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ ያስቀምጣል፤ መቅረጫውን በመዳፉ ይዞ፣ እንጨቱን ከሥሩ እያዞረ ነጭ መሆን ያለበትን ሁሉ ያስወግዳል። ጥቁር ሆኖ የሚታተመው ያልተነካው ብቻ ነው። የቀሩት ክፍሎች እርሳሱ በእጅና በትንፋሽ እንዳይደበዝዝ በወረቀት ይሸፈናሉ። ናስት ጥላን የሚሠራው መስመር በመስመር ላይ እያቋረጠ ነበር። በእርሳስ ሁለት መስመር ማቋረጥ ቀላል ነው፤ ለቀራጩ ግን በመስመሮቹ መካከል ያለችውን እያንዳንዷን ደቃቅ ነጭ ነጥብ አንድ በአንድ አንሥቶ ማውጣት ነው። እጁ ከሳተ መስመሩ ይቆረጣል፤ መልሶ መቀጠልም አይቻልም። የትዊድ ኮት ጥቁረት የእነዚህ ስማቸው ያልተጠቀሰ ሠራተኞች ላብ ነው።

ቁርጥራጮቹ እንደገና በብሎን ይታሰራሉ። ማተሚያው ላይ የሚወጣው ግን እንጨቱ ራሱ አይደለም። ቅርጹ በሰም ላይ ይታተምና ሰሙ ግራፋይት ተነስንሶበት መዳብ ሰልፌት ባለበት መታጠቢያ ውስጥ ይገባል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ስስ መዳብ ይለብሳል። ያ መዳብ ከጀርባው በቀለጠ ብረት ይጠናከርና ማተሚያው ላይ ይገጠማል። ማተሚያው ከመነሣቱ በፊት ጥቁር መሆን ያለባቸው ቦታዎች በደንብ እንዲጫኑ ወረቀቱን በሚጫነው ሲሊንደር ላይ ስስ ወረቀት እየተቆረጠ ይለጠፋል። ይህ ዝግጅት ከተጓደለ ሆዱና ዳራው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ናስት የሣለው በእንጨቱ ላይ ስለሆነ ቀራጩ ሲጨርስ የመጀመሪያው ሥዕል ጠፍቷል። የ1871ዱን ዘመቻ የእጅ ሥዕሎች ሙዚየም ገብቶ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው የታተመውን ገጽ ነው።

ቡድኑ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የመጽሔቱ ባለቤቶች ሃርፐር ወንድማማቾች ለከተማው ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ያቀርቡ ነበር፤ ጨረታቸው ውድቅ እንዲሆን ተደረገ። ድርጅቱ ውስጥ መንቀጥቀጥ ተፈጠረ፤ ፍሌቸር ሃርፐር ግን ናስትን አልሸጠውም። ለናስት ራሱም አንድ የባንክ ሰው መጥቶ አውሮፓ ሄዶ ሥዕል እንዲማር 100 ሺህ ዶላር አቀረበለት። ናስት በኋላ እንደተረከው፣ የት ድረስ እንደሚሄዱ ለማየት ዋጋውን ከፍ እያደረገ እስከ 500 ሺህ አደረሰውና እምቢ አለ።

መስከረም ላይ ከኮኖሊ ቢሮ 3,500 ያህል የክፍያ ሰነዶች ተሰረቁ። ማስረጃ ለማጥፋት የታሰበ ነበር፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። በክፍለ ግዛቱ የዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ የነበረው ጠበቃ ሳሙኤል ቲልደን የብሮድዌይ ባንክን መዝገብ አስከፍቶ ለተቋራጮቹ የተከፈለው ገንዘብ ወደ ትዊድ ሒሳብ ሲገባ በቀንና በመጠን አሳየ። ወረቀቱን ከአንድ ቦታ ቢያቃጥሉት ባንክ ውስጥ ጥላው ይቀራል። በዚሁ ወር ናስት አራቱን በገደል ጫፍ ላይ ማዕበሉ እስኪያልፍ የሚጠብቁ ጥንብ አንሣዎች አድርጎ ሣላቸው፤ እግራቸው ሥር የከተማዋ አጥንት ተበትኗል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ትዊድ ተይዞ በ1 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ተለቀቀ።

ምርጫው ኅዳር 7 ቀን ነበር። ታዋቂው የነብሩ ሥዕል የኅዳር 11 ቀን እትም ላይ ነው ያለው፤ ይህን ያዩ አንዳንዶች ሥዕሉ ከምርጫው በኋላ ወጣ ይላሉ። ስሕተት ነው። ሃርፐርስ ዊክሊ በላዩ የሚጻፈው ቀን ለሽያጭ ከሚወጣበት ቀን ወደፊት የተላለፈ ነበር፤ መራጩ ሥዕሉን ከድምፅ መስጫው በፊት አይቶታል። በድርብ ገጽ ላይ በሮማ የስታዲየም ሜዳ ነብር ሪፐብሊኳን የምትወክለውን ሴት ሥሩ አድርጎ አፉን ከፍቶ በቀጥታ አንባቢውን ያፈጥበታል። ትዊድ እንደ ቄሣር ከላይ ተቀምጧል። ነብሩ ከየት መጣ? ትዊድ በወጣትነቱ የመራው የእሳት አደጋ ተከላካይ ቡድን ዓርማ የነብር ራስ ነበር። ከሥሩ የተጻፈው ጥያቄ «ታዲያ ምን ታመጣላችሁ?» የሚል ነው፤ የትዊድ አባባል ተብሎ የሚጠቀስ ነው። ዓይኑ ወደ ሌላ ቢመለከት ኖሮ ሥዕሉ ስለ ትዊድ ይሆን ነበር። አንባቢውን ስላየው ጥያቄው የአንባቢው ሆነ። በምርጫው የታማኒ ሰዎች ክፉኛ ተሸነፉ፤ ትዊድ ግን በራሱ ወረዳ ተመርጧል፣ ቢሆንም መቀመጫውን አልያዘም።

የናስትን ሌላ ገጽታ መደበቅ አይገባም። በአየርላንድ ካቶሊኮች ላይ ያለው ጥላቻ ከባድ ነበር። አየርላንዳውያንን ዝንጀሮ አስመስሎ ሥሏል፤ በዚያው በመስከረም 1871 ጳጳሳትን ከወንዝ ወደ አሜሪካ ሕፃናት የሚሳቡ አዞዎች አድርጎ አቅርቧል። በትዊድ ላይ የነበረው ክስ በሰነድ የቆመ ነው፤ በአየርላንዳውያን ላይ የነበረው ግን በዘር ላይ የተለጠፈ ንቀት ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መስመር፣ አንድ ዓይነት ችሎታ ይታይባቸዋል። ካርቱን የሚያስተምሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ብቻ ማሳየታቸው ትክክል አይመስለኝም። ታማኒ ለድሃው አየርላንዳዊ ሥራና እንጀራ ይሰጠው ነበር፤ ድርጅቱም ከትዊድ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሶ ከተማዋን የያዘው በዚህ ድጋፍ ነው።

ትዊድ በ1873 ከ220 ክሶች በ204ቱ ጥፋተኛ ተባለ። አንድ ዓመት ታስሮ በይግባኝ ወጣ፤ ወዲያው በፍትሐ ብሔር ክስ እንደገና ተያዘ። በታኅሣሥ 1875 ቤተሰቡን እንዲጠይቅ በተፈቀደለት ጊዜ አመለጠና በኩባ በኩል ስፔን ደረሰ። በመስከረም 1876 ቪጎ ወደብ ላይ ሲያዝ የለየው የናስት ሥዕል ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ትዊድ የእስረኛ ልብስ ለብሶ ሁለት ትናንሽ ሌቦችን አንገታቸው ላይ አንቋቸዋል። ስፔናውያኑ እንግሊዝኛውን ስላላነበቡ ልጅ ጠላፊ መስሏቸው ነበር። ትዊድ በሚያዝያ 1878 በሉድሎው ጎዳና እስር ቤት ሞተ።

ናስትንም ጊዜው አልማረውም። ከ1880 ገደማ ጀምሮ ሥዕል በፎቶግራፍ ወደ ማተሚያ ሰሌዳ መዛወር ሲጀምር በወረቀት ላይ በብዕር መሣል ግድ ሆነበት፤ በእርሳስ ያገኘው ጥላና ክብደት ቀነሰ። በዚያን ጊዜ ባለቀለም ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ሰሌዳ የሚታተም ሥዕል) ይዞ የመጣው የጆሴፍ ኬፕለር መጽሔት «ፓክ» አንባቢውን ስቧል። ናስት በ1886 ሃርፐርስን ለቀቀ፣ በ1902 ኢኳዶር ውስጥ በጓያኪል ቆንስል ሆኖ ሲያገለግል በቢጫ ወባ ሞተ።

አሜሪካ የምትኖሩ፣ አሮጌ መጽሔት በሚሸጥባቸው ቦታዎች እነዚህን ገጾች ልታገኟቸው ትችላላችሁ፤ የተባዛ ቅጂም ብዙ ነው። ስታዩ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ገልብጡት፦ መጽሔቱ 16 ገጽ ነበር፣ ሥዕል የሚታተመው በወረቀቱ በአንድ ወገን፣ ጽሑፉ በሌላው ስለሆነ ከናስት ሥዕል ጀርባ ጽሑፍ መኖር አለበት። ጀርባው ባዶ ከሆነ ተጠራጠሩ። የነብሩ ዓይነት ድርብ ገጽ መሃሉ ላይ መታጠፊያ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ አጉሊ መነጽር ያዙ፤ ጥቁሩ ወጥ መስመር መሆን አለበት፣ ትናንሽ ክብ ነጥቦች ከታዩ ከፎቶ የተባዛ ነው። በመጨረሻ ቀጥ ብለው ሥዕሉን የሚያቋርጡ ፀጉር የመሰሉ ነጭ መስመሮችን ፈልጉ፤ እነሱ እንጨቶቹ የተጋጠሙባቸው ቦታዎች ናቸው። በትዊድ ሆድ ላይ የሚያልፍ መጋጠሚያ ካገኛችሁ፣ በግራና በቀኙ ያሉትን መስመሮች አስተያዩ፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ መሆኑን ብዙ ጊዜ መለየት ይቻላል።